ሞተሩስ ገባ፣ ሙቀቱ በየት ይውጣ?

የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ሥራ ዙሪያ ናቸው፦ ከ1962 እስከ 1980 በተመረተው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በኤምጂቢ ላይ የሮቨርን ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ሞተር መግጠም። ሥራው አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በትንሽ መኪና ውስጥ ትልቅ ሞተር መክተት ይወዳሉ፤ ሰንቢምም በ1964 በአልፓይን መኪናው ላይ የፎርድን ቪ8 ገጥሞ ታይገር ብሎ ሸጧል። ሞተሩን አውርዶ ማሰር ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከደብዳቤዎቹም አብዛኞቹ የተጻፉት ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በ1971 የተሠራ ክፍት ኤምጂቢ አለኝ። 1.8 ሊትሩ ሞተር ደክሟል። ከሮቨር ኤስዲ1 የወረደ 3.5 ሊትር ቪ8 ከነባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ሊሸጥልኝ የፈለገ ሰው አግኝቻለሁ። እንዳለ ይገባል ወይስ አካሉ ይቆረጣል?

መልስ፦ ይገባል፤ እንዳለ ግን አይገባም። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ ይህንኑ ሞተር የገጠመላቸውን 2,591 ኤምጂቢ ጂቲዎች አውጥቷል፤ ሁሉም ባለ ጣሪያ ነበሩ። ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የመጡት ባለ ጥቁር ፓራውልት መኪኖች፣ አራት ሲሊንደር ያላቸውም ጭምር፣ የሞተር ክፍላቸው ቪ8 እንዲቀበል ሆኖ ተሠርቷል። የእርስዎ ባለ ኒኬል ፓራውልቱ ከዚያ በፊት የወጣ ስለሆነ ሦስት ቦታ ይጠብብዎታል። አንደኛው ከፊት ጎማዎች በላይ ያለው የውስጥ ላሜራ ነው፤ የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚያወጣው ቱቦ) የሚጋጨው እዚያ ነው። ሁለተኛው ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ግድግዳ ነው፤ የቴስታታዎቹ (የሲሊንደር ክዳኖቹ) የኋላ ጫፎች ግራና ቀኝ ይጠጉታል። ሦስተኛው ራዲያተሩ ነው። በድሮ ቦታው ከቆየ ለውሃ ፓምፑ ቦታ አይተርፍም፤ ወደ ፊት መገፋት አለበት።

መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት ግን የአካሉን ጤና ይፈትሹ። ክፍት መኪና ጣሪያ ስለሌለው ሸክሙን የሚችልለት ከበሩ ሥር ያለው የጎን ሳጥን ነው። በሩን ዘግተው መኪናውን በአንድ ጎን በክሪክ ያንሱት። ጣትዎን በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ያኑሩ። ክሪኩ ከፍ ሲል ክፍተቱ ከላይ እየጠበበ ከመጣ፣ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ ሳጥኑ ከውስጥ በዝገት ተበልቷል። የድሮው ሞተር የመጠምዘዝ ጉልበት 149 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር፤ ፋብሪካው የገጠመው ቪ8 262 አለው። ይህን ጉልበት በተበላ አካል ላይ ማሰር መኪናውን እንደ ጨርቅ ማጠፍ ነው፤ መጀመሪያ ሳጥኑ ይቀየር።

ልኩን በባዶ ብሎክ ይውሰዱ። ፒስቶን የሌለው ብሎክ፣ ሁለቱ ቴስታታዎች፣ የጭስ ማኒፎልዶቹና ካምቢዮው አንድ ላይ ታስረው አሥር ጊዜ ቢገቡና ቢወጡ አይከብዱም። ኤልቲ77 የሚባለው የኤስዲ1 ካምቢዮ ከድሮው ይወፍራል፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ዋሻ ተከፍቶ በአዲስ ላሜራ መስፋት፣ የኋላ ሱፖርቱም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ከጎን ሲታይ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግና ወደ ዲፈረንሻል የሚገባው ዘንግ ትይዩ ይሁኑ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ክሮቼራዎቹ (የዘንጉ መጋጠሚያዎች) እኩል አይዞሩም፤ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) በልክ ተቆርጦ ከተበየደ በኋላም ሚዛኑ በማሽን ይስተካከል።

የሞተር ሱፖርቶቹን የመጨረሻ ብየዳ የሚበይዱት ክፍተቱ ሁሉ ከተለካ በኋላ ነው። በየትኛውም ቦታ ከ12 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት አይተዉ። ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ አናት ወደ መኪናው ቀኝ ያዘነብላል፤ በቀኝ መሪ መኪና ላይ የመሪው ዘንግ የሚያልፈውም በዚያው በኩል ነው። ቆሞ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ማኒፎልድ ሁለተኛ ማርሽ ላይ መሪውን የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። የኤስዲ1 የውሃ ፓምፕ አፍንጫው ረጅም ስለሆነ በአጭሩ ይቀይሩት። የዘይት ማጣሪያውም ከሞተሩ ሥር ተንጠልጥሎ አይመችም፤ ፋብሪካው እንዳደረገው በቱቦ አውጥተው ሌላ ቦታ ይሰሩለት።

ጥያቄ፦ ስምንት ሲሊንደር ከአራቱ ይከብዳል። የመኪናው አፍንጫ ተጭኖ በኩርባ ላይ አልታዘዝ አይለኝም? የፊት ሞላዎችንስ በጠንካራ ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ። አፍንጫው የከበደው ወንድሙ ኤምጂሲ ነበር፤ ከ1967 እስከ 1969 የተሸጠው፣ 2.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የብረት ሞተር የተጫነበት። ቪ8ቱ መሠረቱ ቢዩክ በ1961 ያወጣው የአሜሪካ ሞተር ሲሆን ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። ክብደቱ ከብረቱ አራት ሲሊንደር ጋር ተቀራራቢ ነው። ጠንካራ ሞላ ቢገጥሙ የሚያገኙት ነጥሮ የሚሄድ መኪና ብቻ ነው። ገንዘቡን ለአሞርዛተር ያውሉት።

ጥያቄ፦ ቪ8ቱን ከገጠምኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በረጅም መንገድ ደህና ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ግን የሙቀት መርፌው ወደ ቀይ ይሄዳል። ራዲያተሩን በአዲስ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የመልሱ ግማሽ ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ሲሮጥ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚግል ሞተር የጎደለው አየር ነው። ስለዚህ ራዲያተሩን ይተዉትና ከቬንትሌተሩ ይጀምሩ።

ሞተሩ ሞቆ ቬንትሌተሮቹ ሲነሱ አንድ ወረቀት ከፊት በኩል ያስጠጉ። ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ ከተሳበ አቅጣጫው ልክ ነው። ወደ እርስዎ ከተገፋ ሽቦዎቹ ተገላብጠው ታስረዋል፤ መኪናው ሲቆም ቬንትሌተሩ ሞቃቱን አየር ከሞተር ክፍል እየሳበ በራዲያተሩ በኩል ይመልሰዋል። ይህ ስህተት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው፤ በሩጫ ጊዜ የመኪናው ነፋስ ስለሚያሸንፈው ጎልቶ አይታይም።

ቀጥሎ ቮልት ይለኩ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ ሆኖ፣ መብራትና ቬንትሌተር በርተው፣ መለኪያውን ባትሪው ላይ፣ ከዚያ ቬንትሌተሩ መግቢያ ላይ ያድርጉ። ባትሪው 13.8 ቮልት፣ ቬንትሌተሩ 11 ቮልት ካሳየ የቀረው በቀጭን ሽቦና በማብሪያው ላይ እየባከነ ነው። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ያስገቡ፤ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝ በኩል ያምጡለት። ባትሪው ላይም ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው አልቻለም። በብዙ ኤምጂቢ ላይ ያለው የሉካስ 16ኤሲአር ሙሉ አቅሙ 34 አምፔር ነው፤ እሱም ሞተሩ ሲሮጥ እንጂ በሚኒሞ አይደለም። ሁለት ቬንትሌተሮች ብቻቸውን 20 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። 60 አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ዲናሞ ይግጠሙ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፤ በራዲያተሩ ዙሪያ ያሉ ክፍተቶች። አየር እንደ ውሃ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በራዲያተሩና በላሜራው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ በዚያ ያልፋል። በስፖንጅ ወይም በላሜራ ዙሪያውን ይድፈኑት።

የገባው አየር ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ማኒፎልዱ ብሎኩን አቅፎ የሚወርድ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ሁሉ ኮፈኑ ሥር ይታፈናል። ከ1993 እስከ 1995 የተሸጠው ኋለኛው ክፍት ቪ8፣ ኤምጂ አርቪ8 ላይ ቱቦዎቹ በውስጥ ላሜራው ቀዳዳ አልፈው ወደ ጎማው ክፍል ይወጣሉ። ላሜራ መብሳት ለሚከብዳቸው ሰዎች መስማት ደስ ባይልም፣ በእኛ ግምት ከትልቅ ራዲያተር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

በመጨረሻ አየር ያወጡ። ራዲያተሩ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አየሩ በመምጠጫው ማኒፎልድ አናት ላይ ይታሰራል፤ መርፌው በድንገት እየዘለለ የሚወጣና የሚወርደው ያኔ ነው። የመኪናውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተው፣ ውሃው ከከፍተኛው ቦታ ይሞላ። በተርሞስታቱ ሳህን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት አየሩን ለማሳለፍ ይረዳል። ባዶ ውሃ ግን አይጨምሩ፤ አሉሚኒየሙ ከውስጥ ይበላል። ግማሽ በግማሽ ከአንቲፍሪዝ ጋር ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የራዲያተሩ ቱቦ ወዲያው ከጠጠረ የቴስታታ ጋስኬት ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የድሮው ሞተሬ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የዘይት ግፊት ያሳይ ነበር። አዲስ የታደሰው ቪ8 ሲሞቅ 35፣ በሚኒሞ ላይ ደግሞ 12 ብቻ ነው። መካኒኩ ኩሽኔታው ልቅ ነው ብሎ እንደገና ሊፈታው ነው።

መልስ፦ ያስቁሙት። የኤምጂቢ አራት ሲሊንደር ሞተር በሩጫ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ ይይዛል። የሮቨር ቪ8 ግን ሲሠራም ዝቅተኛ ግፊትና ብዙ ዘይት እንዲያመላልስ ታስቦ ነው፤ በ2,400 ዙር ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ጤነኛ ነው። በሚኒሞ ላይ 12 ማሳየቱ አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ከእድሳት በኋላ ሲነሣ ዜሮ ላይ የሚቆም መርፌ። የ3.5ቱ ፓምፕ በሞተሩ የፊት ክዳን ላይ ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ) ዘይት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ጥርሶቹ ደርቀው ከታሰሩ ዘይቱን መሳብ አይችሉም። መድኃኒቱ ቫዝሊን ነው። የፓምፑን ክዳን ፈተው በጥርሶቹ መካከልና በዙሪያቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ በቫዝሊን ይጠቅጥቁ፤ ክዳኑ ሲታሰር በጠርዙ ትንሽ እስኪፈስ ድረስ። በግራሶ አይተኩት። ቫዝሊን በሞቀ ዘይት ቀልጦ ይጠፋል፤ ግራሶ ግን ተንጠልጥሎ ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተው፣ ጫፉ ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚገጥም ብረት በድሪል ላይ አስረው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ። መጀመሪያ ድሪሉ በቀላሉ ይዞራል፤ ዘይቱ ሲደርስ ግን እጅዎን ሊጠመዝዝ ሲታገል ይሰማዎታል። መርፌው የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። ይህ ሳይሰማዎት ሞተሪኖውን አይንኩ።

ጥያቄ፦ ኤልቲ77 ካምቢዮ አለኝ፣ ዲፈረንሻሉ ግን የኤምጂቢው ነው። አንደኛ ማርሽ ገና ሳልነሳ ያልቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዲፈረንሻሉ 3.9 ለ 1 ነው (ዘንጉ 3.9 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል)፤ ለደካማ ሞተር የተመረጠ ቁጥር። ፋብሪካው ለቪ8ቱ 3.07 ገጥሞለታል። በአምስተኛ ማርሽ (0.79) እና በተለመደው 14 ኢንች ጎማ ብናሰላው፣ በ3.9 ዲፈረንሻል 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመሄድ ሞተሩ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ በ3.07 ግን 2,370 አካባቢ። አንደኛ ማርሽም እንደዚያው ይረዝማል። ቁጥሩን ሲቀይሩ የፍጥነት መለኪያውም መታረም እንዳለበት አይርሱ።

ሌላም ነገር አለ። ሲነሱ የኋላ ጎማ ዱብ ዱብ እያለ የሚዘል ከሆነ ባሌስትራው በጉልበቱ እየተጠመዘዘ ነው። ቅጠል መጨመር ለጊዜው ያስታግሳል፤ አክስሉን ከአካሉ ጋር በርዝመት የሚይዝ ዘንግ በግራና በቀኝ መግጠም ይሻላል። መኪናው ከ1967 በፊት የተሠራ ክፍት ከሆነ ግን መጀመሪያ አክስሉን ይዩ፤ የድሮው ዓይነት ለዚህ ጉልበት ደካማ ነው፣ ኋላ የመጣውን ቱቦ አክስል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት አፍ ኤደልብሮክ ካርቡራተር ልግጠም ወይስ ሁለት ኤስዩ? ኮፈኑ ይዘጋል?

መልስ፦ ፋብሪካው ሁለቱን ኤስዩዎች ወደ ሞተሩ ኋላ አዙሮ ያስቀመጣቸው ኮፈኑ ላይ ጉብታ እንዳይሠራ ነው፤ በዚያ አሠራር ኮፈኑ ሳይነካ ይዘጋል። ኤደልብሮክ 500 ለማስተካከል ይቀላል፣ ቁመቱ ግን ያስቸግራል። ከመግዛትዎ በፊት በአየር ማጣሪያው አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፈው ኮፈኑን ቀስ ብለው ይዝጉና የተጨፈለቀውን ይለኩ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አይሆንም። ኤስዩ ከመረጡ የነዳጅ ግፊቱ ከ0.2 ባር ብዙ አይለፍ፤ ካለፈ የካርቡራተሩ መርፌ አይዘጋም፣ ቤንዚኑ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ አዲስ የካንዴላ ኬብሎች ከገጠምኩ በኋላ ነዳጅ ስሰጠው በግራ በኩል ያንኳኳል፣ አንዳንዴም በካርቡራተሩ ይተፋል። ቅደም ተከተሉን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ 1፣ 8፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 7፣ 2 ነው። አሁን 5 እና 7ን ይመልከቱ። በግራ ረድፍ ጎን ለጎን ናቸው፣ አከታትለውም ይተኩሳሉ። አዲሱን ኬብል ሲያሳምሩ ስምንቱን በአንድ ማሰሪያ ጠቅልለው ከሆነ፣ በ5 ውስጥ የሚያልፈው ኃይል በጎኑ ባለው በ7 ላይ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ሰባተኛው ሲሊንደር ሩብ ዙር ቀድሞ ይነዳል። የሚሰሙት ማንኳኳት እሱ ነው፤ ከቆየ ፒስቶን ይበሳል። ሁለቱን ኬብሎች ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር ያራርቁ፤ መሻገር ግድ ካላቸው በመስቀል ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሩጡ። ካላመኑ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው ይዩት።

ጥያቄ፦ ፍሬኑ እንዳለ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ፋብሪካው በቪ8ቱ ላይ የፊት ዲስኩን አወፍሯል፣ ካሊፐሩን አሳድጓል፣ ሰርቮም (የፍሬን ግፊት አጋዥ) ጨምሯል። ዲስኩ የሚወፍረው ሙቀት እንዲይዝ ነው። የኋላ ታምቡሩ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሬንጅ ሮቨር የወረደ 4.6 ሊትር በርካሽ አገኘሁ። ከ3.5ቱ ይልቅ እሱን ልውሰድ?

መልስ፦ ውጭው አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። የፊት ክዳኑ የዲስትሪቢዩተር ቦታ የለውም፤ ወይ ክዳን ይቀየራል ወይ ብልጭታው በኮምፒውተር ይታዘዛል። ዋናው ጭንቀት ግን ብሎኩ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ከ88.9 ወደ 94 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ከካምቻው (ፒስቶኑ ከሚመላለስበት የብረት እጅጌ) ጀርባ ያለው አሉሚኒየም ሳስቷል፤ ይሰነጠቅና ውሃ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ይጎድላል። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ቀጭን የማንኳኳት ድምፅ ካለ ካምቻው ላልቶ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። ባዶው ብሎክ ሞቆ በግፊት ሳይፈተሽ አይክፈሉ፤ ከተሰነጠቀ አናቱ ላይ ክንፍ ያለው ካምቻ ማስገባት ይቻላል፣ ያኔ ግን ርካሽነቱ ይቀራል። ጉልበቱ ከ370 ኒውተን ሜትር ስለሚያልፍ ካምቢዮውና አክስሉም ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። ለመንገድ መኪና 3.5ቱ ይበቃዎታል ባዮች ነን።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የተመዘገበችው እንግሊዝ አገር ነው። ሞተር መቀየሬን ለማን ላሳውቅ?

መልስ፦ ለመንጃና ተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ ለዲቪኤልኤ። በምዝገባ ደብተሩ ላይ የሞተሩ ቁጥርና ሲሲው መለወጥ አለበት፤ ማስረጃ ይጠየቃሉ፣ ለምሳሌ የሞተሩን ግዢ ደረሰኝ ወይም የጋራዡን አርማ ባለው ወረቀት የተጻፈ ማረጋገጫ። ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ የምትሆነው በዋና ዋና ክፍሎቿ ካልተለወጠች ነው። የሲሊንደር ቁጥር መጨመር ብዙ ጊዜ እንደ ለውጥ ይቆጠራል፤ ፋብሪካው ራሱ ለዚያ ሞዴል ያቀርበው የነበረ ሞተር ግን አይቆጠርም። ክፍት ቪ8 ያኔ ስላልተሸጠ የእርስዎ መኪና በየትኛው ወገን እንደምትወድቅ ሊያከራክር ይችላል፤ እኛ ብንሆን በፈቃዳችን እናስመረምራት ነበር። ለመድን ድርጅቱ ደግሞ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ይንገሩ፤ የሞተሩን ሲሲ፣ የፍሬኑንና የአክስሉን ለውጥ ዘርዝረው በጽሑፍ።